እንዳታለቅሺ

ልጅቷ መንታ እህቷን ቀብራ ስትመለስ ከዓይኗ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ!»

እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እንዳታለቅሺ፣ አደራ።»

ሐኪሙ ለእናትና ለመንትዮቹ ነግሯቸው ነበር፤ የሁለቱም ልጆች የአንጎል ደም ሥር እየጠበበ ነው፣ አምርረው ካለቀሱ ደሙ ተቋርጦ ሽባ ሊያደርጋቸው ወይም ሊገድላቸው ይችላል። ሟቿ ግን ትናንት የአባቷ ቀብር ላይ ራሷን መግታት አቃታት፤ እየጮኸች ወደቀች፣ በዚያው ቀረች። ለአባትየው የተተከለው ድንኳን ገና አልፈረሰም።

እናት የልጇን ግራ እጅ ያዘች። «በርቺልኝ። እጄን ጥብቅ አድርገሽ ያዢኝ።»

«ይዤሻለሁ እኮ፣ እማዬ።»

እናት ቁልቁል አየች። ከልጅቷ ጣቶች አንዱም አልታጠፈም።