የምሰሶው ጉድጓድ

እናቲቱ የሚንተከተከውን የሽሮ ድስት ከግቢው ምድጃ አንስታ፣ በሁለት እጇ እንደያዘች ማድ ቤት ገባች። በቅርቡ ከጂዳ የተመለሰችው ልጇ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ አዲሱን ሴራሚክ ትወለውል ነበር። እናቲቱ በተደናቀፈች ቁጥር «ማድ ቤቱ ጨለማ ሆኖብኝ ነው» ስለምትል፣ ልጅቷ ትናንት፣ እናቷ ጎረቤት መንደር ለቅሶ ሄዳ ሳለች፣ ጭስ ያጠቆረውን የመሃል ምሰሶ አስነቅላ፣ ቃል የገባችላትን ሰፊ የመስተዋት መስኮት አስወጥታ ነበር። ድንገት አይታው ደስ እንዲላት ብላ አልነገረቻትም። የምሰሶው ጉድጓድ ግን ገና አልተደፈነም።

እናቲቱ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ መጣች። አፋፉ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ትከሻዋን ወደ ምሰሶው ጣል አደረገች፤ የተቀበላት ነገር አልነበረም። ድስቱ ዘመመ።

«እማዬ፣ ቁሚ!» ልጅቷ ተወርውራ ድስቱን ከእጇ መነጨቀች። መዳፏ ተንጨረጨረ፤ አለቀቀችም። «ጉድጓዱ እግርሽ ስር እኮ ነው! እንዴት አላየሽውም?»

እናቲቱ ምሰሶው የነበረበትን ባዶ አየር በእጇ ዳበሰች።

«በዚህ ጨለማ ምን ይታያል ብለሽ ነው፣ ልጄ?» አለች። «ያልሽኝን መስኮት እስክታስወጪልኝ እኮ ነው።»

በአዲሱ መስኮት የገባው የቀትር ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።