ባለ ቀይ እጅጌው ጃኬት

ዜናው ሸዋረጋ ዘንድ የደረሰው በረፋድ፣ በእስር ቤቱ በር ላይ ነበር። ዘበኛው የምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ ለባልሽ ለአንዳርጋቸው ስንቅ አታምጪ» አላት። በዚያ ዓመት ጎንደር ውስጥ ይህን ቃል የሰማ ሰው ምክንያት አይጠይቅም። ሬሳም አይጠይቅም። የምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለአናርኪስት ማልቀስ ክልክል ስለነበር ሸዋረጋ አላለቀሰችም። ቢፈቀድም የምታለቅስበት አልነበራትም። ሬሳው ለቀረ ሰው የሚለቀስለት ልብሱን ዘርግቶ ነው። የአንዳርጋቸው ልብስ ደግሞ ጃኬቱ ነበር፤ እሱንም እንደለበሰ ነው የወሰዱት።

አንዳርጋቸው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ጃኬቱን የገዛው አስመራ ሲማር ነው። አውሮፕላን ነጂዎች የሚለብሱት ዓይነት፣ ቡናማ ቆዳ፣ ኮሌታው የበግ ጸጉር፣ ወገቡና የእጅጌው ጫፍ ሹራብ። ባልደረቦቹ በበዓል ቀን ኮት ሲለብሱ እሱ ከክራቫቱ ላይ ጃኬቱን ይደርባል። ኮት የተሰቀለበትን መስቀያ ይመስላል፣ ጃኬት ግን ሰውየውን ይመስላል ይል ነበር። እውነቱን ነው። ቆዳው ትከሻውን እየለመደ ሄዶ፣ ወንበር ላይ ሲጣል እንኳ አንዳርጋቸው የተቀመጠ ይመስል ነበር። ዝናብ ሲነካው ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። የወገራ ነፋስ አይደፍረውም። ጓደኞቹ «ፓይለቱ» ይሉት ነበር። ግራ ክርኑ ላይ የላቦራቶሪው እሳት የተወው፣ ጥፍር የምታህል ጠባሳ ነበረች።

ሸዋረጋ ያችን ጠባሳ እንደገና ያየቻት ክረምቱ ሲወጣ ፒያሳ ላይ ነው። ጃኬቱን የለበሰው ካድሬው አስማረ ነበር።

አስማረ እሷ ታይፒስት ወደሆነችበት መሥሪያ ቤት እየመጣ ጽሑፍ ያስመታል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች ብለው የጠበቁ ነበሩ። እሷ ግን ወንበር አቀረበችለት፤ ጃኬቱ እንዴት እንዳማረበትም ነገረችው። እሱ በመስኮቱ መስታወት ራሱን አላየም። አጎንብሶ «ይህን ጃኬት ታውቂዋለሽ?» አላት።

«እንዲህ ያለ ብዙ አለ፣ ጓድ አስማረ።»

ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። የሥራ ባልደረባዋ ይርገዱ ፋይል ታቅፋ ስትገባ ዝም አለ። ሸዋረጋ ገዳይ እንዲህ ነው አለች በልቧ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ይፈራል።

የአንዳርጋቸው ታናሽ ወንድም አለነ ጫካ ከገባ ቆይቷል። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ፣ በገደሉ ካሉት ጋር ነው። የወንድሙን ደም መመለስ የእሱ ድርሻ ነበር። ሸዋረጋ ለገበያ በወረደችው አክስቱ በሐረገወይን በኩል ላከችበት። እሱም መልሶ ላከባት፤ አስማረን አይቼው አላውቅም፣ ከሩቅ በምን ልለየው?

የጃኬቱ እጅጌ ጫፍ ተተርትሮ ነበር። ያምጡት፣ በሹራብ ልሥራልዎ አለችው አስማረን። ቤቷ ወስዳ ፊቷን ኮሌታው ውስጥ ቀበረች። ላዩ የሌላ ሰው ሲጋራ ይሸታል። ሥሩ ግን ገና እሱ ነበር። ከዚያ መርፌዋን አነሳች፣ ቀይ ክርም መረጠች።

አስማረ ሲያየው «ቀይ?» አለ።

«የአብዮቱ ቀለም ነው።»

«አሁንማ ጓድ» አለች ይርገዱ፣ «ከደባርቅ ሲነሱ እኛ እዚህ ሆነን እናይዎታለን።»

ሳቁ። እውነትም ደባርቅ ይመላለስ ነበር። ይርገዱ ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሸዋረጋን ደባርቅ ዘመድ የለሽም ወይ ብሎ ጠየቃት። የለኝም አለችው።

«ሄደሽ ብታዪው ሸጋ ነበር» አለ፤ «አገሩን።»

አለነን ሊያስይዝ ነው የሚያጠምደኝ ብላ አሰበች። በዚያው ሳምንት ለሐረገወይን የመጨረሻውን ቃል ነገረቻት፤ ቡናማ የቆዳ ጃኬት፣ እጅጌው ቀይ፣ ከደባርቅ በሚመጣ የጭነት መኪና ጋቢና ይቀመጣል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሐረገወይን እግሯ አቧራ እንደለበሰ ገባች። ሳትቀመጥ «ደማችን ተመለሰ» አለቻት። ጠዋት አምባ ጊዮርጊስ ዳገት ላይ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ አለነ ከገደሉ ላይ ሆኖ መታው። አንድ ጥይት በቃው። ጃኬቱን ሊያነሱ ሲወርዱ ወታደር የጫነ መኪና ከኋላ ስለደረሰባቸው ጥለውት ሸሹ።

«ጃኬቱማ ይቅር» አለች ሸዋረጋ።

ሸሚዞቹንና ክራቫቱን አውጥታ ሰሌን ላይ ዘረጋች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ በሯንም ከፈተች። እንደ ፈሩ ጎረቤቶቿ መጡ። የቀበሌ ሰው ቢሰማስ ያሏት ነበሩ። ስንቋ ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሲደክማት ቀና ብላ «ለአንዳርጋቸው ነፍስ ጸልዩልኝ» አለች፤ «አሁን ዕረፍት አገኘ።»

አቡነ ዘበሰማያት እያሉ ሳለ ከበሩ አጠገብ ያሉት ዝም አሉ። አስማረ ቆሟል። አሮጌ ካኪ ካፖርት ለብሷል፣ በብርድ ፊቱ ጠቁሯል። የተዘረጉትን ልብሶች አየ፣ ግራ ገባው። ሰው እያለፈ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ጃኬትህስ?» አለችው፤ አንቱታውንም ረሳችው።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ለባለቤቱ መለስኩለት። ያን ጊዜ ከሚገደሉት መሀል ያወጣሁት ጃኬቱን ወድጄ ነበር፣ ደባርቅ እስር ቤት ሸሽጌ አቆየሁት። ትናንት አስፈታሁት፤ ብርድ ነው ብዬ እሱኑ አልብሼ፣ ዛሬ ጠዋት ጋቢና አስቀምጬ ሰደድኩልሽ። ገና አልገባም እንዴ?»