የረቡዕና የዓርብ ሳል

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ሰኔ ሲያበቃ፣ የሰቆጣው ነጋዴ አደም ከምፅዋ ያስመጣው የጀልባ ሞተር በግመል ተጭኖ ወደ አበርገሌ ወረደ። በተከዜ መሻገሪያ የተቀበለው ደሞዝ ነበር። ደሞዝ በምፅዋ ወደብ ስድስት ዓመት ሞተር ሲነዳና ሲጠግን ኖሮ የተመለሰ የአገሩ ልጅ ነው።

አደም ቃሉን አላበዛም። «በነሐሴው የኪዳነ ምሕረት በዓል የማዶው ሕዝብ በዚህ ይሻገር። እስከዚያ ካልተገራ ወደ ምፅዋ ይመለሳል፤ አንተም አብረኸው ትመለሳለህ።»

ይህን የደሞዝ እናት እማሆይ ወለተ ሐናም ሰሙ። ልጃቸው ወደ ባሕር በሄደ ጊዜ ስድስት ዓመት አልቅሰዋል፤ ዳግመኛ የሚያለቅሱበት ዐይን አልቀራቸውም።

አዲስ ሞተር እንደ ወይፈን ነው፤ ቀስ ተብሎ ይገራል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት ፍጥነት አይሰጠውም፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለውም ዘይት ከወትሮው ይበዛል። ደሞዝ ቤንዚኑን በጨርቅ አጥልሎ ከጀልባዋ ላይ በሚያድረው ቀይ ታኒካ ሞላና ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አሳለ፣ ጥቁር ጢስ ተፋ፣ ከዚያም ተነሣ።

«ምነው ሳለ?» አሉ እማሆይ።

«ዘይቱ በዝቶ ነው፣ እምዬ። ሲለምድ ይተዋል።»

«አንተም በሕፃንነትህ እንዲህ ነበርህ» አሉና አማተቡ።

ከሾላው ዛፍ ሥር ጓንጉል ሳቀ። ጓንጉል በተነፋ የፍየል ስልቻ ሃያ ዓመት ሰው ሲያሻግር የኖረ ዋናተኛ ነው። «የእኔዪቱ ፍየል ሞታም ትሠራለች» አለ። «ያንተ ብረት ገና ሳይወለድ ታመመ።»

«ፍየልህን ጠብቃት፣ አያ ጓንጉል» አለ ደሞዝ። «ከእንግዲህ የሚሻገርባት አታገኝም።»

ሞተሩ ሁለት ቀን በደኅና ዋለ። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ከወንዙ መካከል ሲደርስ ተንተፋተፈ፤ አሳለና ጠፋ። ጀልባዋን ጎርፉ ይዟት ወረደ፤ ደሞዝ በመቅዘፊያ ታግሎ ከዳር አደረሳት። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ወለወለ፤ የቤንዚኑን ቱቦ ነፋ። ሞተሩ በማግሥቱ ተነሣ፤ ዓርብ ግን እንደገና ጠፋ። በሚቀጥለውም ረቡዕ እንዲሁ ሆነ።

ያን ጊዜ ደሞዝ የታኒካውን ቤንዚን በጠርሙስ ቀዳና አስቀመጠው። ጥቂት ቆይቶ ከጠርሙሱ ሥር ንጹሕ ውሃ ተለይቶ ረጋ። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ ዝናብ አያስገባም። ሰው ጨምሮበታል።

ጓንጉል ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም ውሃ አይገባም፤ ጀልባዋ ከታሰረችበት ሾላ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ደሞዝ ይህን ሲያስብ ደሙ ፈላ። ወደ እናቱ ሄደ።

«እምዬ፣ ረቡዕና ዓርብ ማለዳ ከጠበል ሲመለሱ ከጀልባዋ ዘንድ ማንን አዩ?»

«ጓንጉልን ብቻ፣ ልጄ። ሰላም ብሎኛል።»

በሐምሌ ባለ እግዚአብሔር ዕለት አገሩ ጥፋተኛውን ሊያጣራ ለአውጫጭ ተቀመጠ። ከካህናትና ከመነኮሳት በቀር ሰው ሁሉ እየተነሣ «አላደረግሁም፣ ያደረገውንም አላየሁም» ብሎ ማለ። ተራው ለጓንጉል ደረሰ።

«እኔ አላደረግሁም» አለ። ሊቀመጥም ዘወር አለ።

«ያደረገውንም አላየሁም በል» አሉት የደብሩ አለቃ ቄስ አሥራተ ማርያም።

ጓንጉል ዐይኑን ወደ ሕዝቡ አነሣ፤ መልሶም ወደ መሬት ጣለ። «ይህን አልምልም።»

«አየህ ማለት ነው?»

«አትጠይቁኝ፣ አባቴ።»

«እንግዲህ ራሱ ፈረደ» አለ ደሞዝ። «ሰው ሁሉ የማለውን እርሱ ብቻ ምን አስፈራው?»

ቄስ አሥራተ ማርያም መስቀላቸውን አነሡ። ከቤንዚኑ ውሃ የጨመረች እጅ ትወገዝ አሉ፤ ባለቤቷም እሳትና ውሃ አያግኝ፣ ሲሞት ፍትሐት አይደረግለት አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እማሆይ ወለተ ሐናም አሜን አሉ።

በዚያው ምሽት ጓንጉል ስልቻውን ነፍቶ ወደ ማዶ ሊሻገር ውሃ ገባ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሬሳውን እረኞች ከታች አገኙት። ካህን አልወጣም፤ ከሾላው ሥር ያለ ጸሎት ተቀበረ። ደሞዝ አፈር አልመለሰበትም።

ፍልሰታ ገባ። እማሆይ እንደ ልማዳቸው በኪዳነ ምሕረት ቅጥር ሱባኤ ያዙ። ሞተሩም ረቡዕ አላለ፣ ዓርብ አላለ፣ አንድ ቀን ሳያስል ሠራ። «እግዜር ፍርዱን አሳየ» አለ የአገሩ ሰው። ደሞዝም እንቅልፉን ጠገበ።

በበዓሉ ቀን የማዶው ሕዝብ ዘምሮ መጣ፣ ዘምሮም ተመለሰ። አደም በዳር ቆሞ አየና «ሞተሩ ይቆያል» አለው። «አንተም ትቆያለህ።»

በመጨረሻው ጉዞ ከሱባኤ የወጡት እማሆይ ከልጃቸው ጋር ማዶ ደርሰው ሊመለሱ በጀልባዋ ተሳፍረው ነበር። ከዳር ሊደርሱ ሲሉ ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለ።

«አሁንም አልተወውም?» አሉ።

«ቤንዚኑ አልቆ ነው፣ እምዬ። አያስቡ።»

ማግሥቱ ረቡዕ ነበረ። ደሞዝ በማለዳ ቤንዚን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ከሾላው አጠገብ፣ ከጀልባዋ ላይ ያጎነበሰ ሰው ከሩቅ አየ። ሸክሙን አስቀመጠና ድምፁን አጥፍቶ ቀረበ።

እማሆይ ወለተ ሐና የቀዩን ታኒካ ክዳን ከፍተው፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ ጠጣ ልጄ፣ ኪዳነ ምሕረት ትማርህ» እያሉ የጠበል ቅላቸውን ሦስት ጊዜ አዘነበሉለት።