ከገደሉ አፍ ላይ

የአውስትራሊያ በረሃ ኮረኮንች ሲያንገጫግጫቸው አርፍዶ፣ ዶሪንና ባሏ ክላይቭ ቤታቸውን ሸጠው የገዙትን ተጎታች ቤት በረሃው ውስጥ ባለ አንድ ፓርክ ለማቆም ይጨቃጨቃሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዝንቡ ዓይን አያስገልጥም። ከኋላ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር የጥንት ሰዎች የእግር ዱካ ሸክላ አፈሩ ላይ ደርቆ ይታያል።

«በቃ! በቃ አልኩህ እኮ!» ብላ ጮኸች ዶሪን። ክላይቭ ግን ወደ ኋላ መንዳቱን ቀጠለ። ሮጣ የተጎታቹን ጎን በመዳፏ ደበደበችው። ጎማው ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ክላይቭ እየተነጫነጨ ወረደ። «አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ና በዪኝ፣ ወይ በቃ በዪኝ! በመገናኛ ሬዲዮው ‹ና፣ ገና ነው› የምትዪኝ አንቺ አይደለሽም?»

«በየትኛው ሬዲዮ? የእኔ ባትሪው ካለቀ ቆየ! ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የምጮኸው ለምን መሰለህ? ወይስ ጆሮህን ታጥበህ አታውቅም?»

ክላይቭ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት፣ ባዶው መኪና ውስጥ ያለው ሬዲዮ ተንሿሿ። የወጣው የዶሪን ድምፅ ነበር፤ ጩኸትም ንዴትም የለበትም።

«ና እንጂ ክላይቭ፣ ገና ነው። እሷን ተዋት።»