እየተወለዱ እኮ ነው

የባንኩ የብድር መርማሪ «አይሆንም» ብሎ ሳይጨርስ፣ የዓሣ ማስፈልፈያው ባለቤት የሆነችው አሮጊት እጁን ያዘችና የዓሣ እንቁላል ያለበት፣ ውሃ የሞላ የብርጭቆ ሳህን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «እስቲ መጀመሪያ እየው ልጄ፤ እምቢታህን እንደሆነ ማንም አይነጥቅህም» አለችው። ዓምና በሽታ በተሰነጣጠቁት ገንዳዎቿ ውስጥ መሽጎ አንድ የዓሣ ጫጩት እንኳ ሳያስተርፍ ፈጅቶባታል። በነበራት ጥሪት አዲስ ገንዳና የውሃ ማጣሪያ አስገብታ ያደሰችው ይህችን አንዲት ክፍል ብቻ ነው፤ ብድር የጠየቀችው ለቀሩት ሦስቱ ነበር።

መርማሪው ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። እንቁላሎቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም፤ ጠርተው ውስጣቸው ይታያል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። «ዓይኖቻቸው ናቸው» አለች። ከነጥቦቹ ሥር የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነገር ትር ትር ትላለች። ልብ መሆኗን ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ አንዷ እንቁላል ተሰነጠቀችና ክር የመሰለች ዓሣ ጅራቷን እያወዛወዘች ወጣች። ሃያ ዓመት ሙሉ የተበዳሪ እንባ ያላለዘበው መርማሪ ሳህኑን ይበልጥ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያም ሌላዋ።

«እትዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ቅጽ አለ» አለ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚፈራ ሰው በሹክሹክታ። «ያውጡና ይጻፉልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ብድሩ ይሰጥ፣ ሦስቱም ክፍሎች ይታደሱ ብለው።»

«ኧረ አንተው ጻፈው! ሥራህ አይደል እንዴ?»

«እንዴት አድርጌ ልጻፍ?» አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳይነቅል። «እየተወለዱ እኮ ነው!»