ከበሩ ጎን ያለው መዳፍ

ሥርጉት ጭቃው ያልለቀቀውን እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ወይኔ ጉዴ! የቅርስ ባለሙያዋ ከባሕር ዳር ቁንዝላ ድረስ የመጣችው የአባባን ጥንታዊ የእርሻ ቤት፣ በተለይ እናታቸው ግድግዳውን ሲመርጉ ያተሙትን መዳፍ አይታ ልትመዘግብ ነው። ሥርጉት ደግሞ ትናንት እንግዳ ይመጣል ሲባል ደስታ አሰክሯት ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ ልቅልቅ አደረገችው! መዳፉ ትዝ ያላት ከጠፋ በኋላ ነው፤ ደንግጣ የራሷን አተመችበት።

ዓይናቸው የደከመው አባባ ግድግዳውን ዳብሰው መዳፉን አገኙት። "ይኸው እናቴ!" ባለሙያዋ ፎቶ ልታነሳ ተጠጋች። አባባ ግን የመዳፉን ጣቶች አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሥርጉት ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ "የኔ ልጅ፣ እናቴ እኮ ሌባ ጣት አልነበራትም፤ ማጭድ ቆርጦባታል" አሏት።

"ምን አሉ አባት?" አለች ባለሙያዋ።

ሥርጉት እጇን ከኋላዋ አወጣች።