ስፒከሩ ዝም ይበል

«አሁንስ?» ሲል አባወራው ከወጥ ቤት ጮኸ።

«እንዳለ ነው!» አለች ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ፣ ጆሮዋን ከስፒከሩ ሳታነሳ። «እምምም ይላል! ማቀዝቀዣውን ነቅለኸዋል?»

«ነቅዬ ገመዱን በእጄ ይዤዋለሁ፤ ላምጣልሽ?»

«ተው ባክህ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?» አለች፤ ግን ራሷም ሳቋ አምልጧት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናት። ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ ከወንበሯ ትነሳለች፣ ምን ፈልጋ እንደተነሳች ጠፍቷት መልሳ ትቀመጣለች።

ማን ይፈርድባታል? ልጇ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ስርጭት ዜና ልታነብ ነው። ጣቢያው የሚደመጠው በኢንተርኔት ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ከጓዳ ወጥቶ ከስፌት መኪናው ጎን ተሰይሟል። ይህች ልጅ ትንሽ ሳለች ቃል ጉሮሮዋ ላይ ይያዝባት ነበር። ሱቅ ተልካ «ስኳር» የሚለው አልወጣ ብሏት ጨው ገዝታ የተመለሰችበት ቀን አለ። ዛሬ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «እማ፣ በደንብ አዳምጪኝ። ከያዘኝ ከሰው ከምሰማው አንቺ ንገሪኝ» ብላታለች። ታዲያ እናት በምን ጆሮዋ ትስማ? ስፒከሩ ውስጥ አንድ ቀፎ ሙሉ ንብ የገባ ይመስላል።

«እታለም፣ ለእኔ ተይው» አለ የእናትየው ታናሽ ወንድም። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ ሞተር ይመስለዋል። ስፒከሩን አገላብጦ አየው፣ አሸተተው። «ዘይት ጎድሎታል ባልልም…»

«እንዳትል!»

«እሺ፣ የስልኩን ቻርጀር ንቀይው።»

ነቀለች። እምምም።

«የስፌት መኪናውን።»

ነቀለች። እምምም። አምፖሉንም አጠፉ። ድምፁን ሲቀንሱት የቀነሰው የጣቢያው ሙዚቃ ብቻ ሆነ፤ ያኛው ማንንም ሳይፈራ እምምታውን ቀጠለ።

«ለምን በእኔ ስልክ አንሰማትም?» አለ ሹፌሩ።

«ያ ጎማ የሄደበት ስልክህ? ስትደውልልኝ አንተ ራስህ በርሜል ውስጥ የወደቅህ ነው የምትመስለኝ!»

ይህን ስትል ሙዚቃው ተለወጠ። ዜናው ሊገባ ነው። ደሟ ፈላ። ስፒከሩን አንድ ጥፊ ልታቀምሰው በጠረጴዛው ላይ ተንጠራራች፤ ሚዛኗን እንዳትስት ደግሞ በግራ እጇ የኮምፒውተሩን የብረት ሣጥን ያዘች።

ዝም አለ።

ጥፊው አየር ላይ ቀረ። ሙዚቃው ብቻውን፣ ጥርት ብሎ ክፍሉን ሞላው።

«ምን አደረግሽው?» አለ ሹፌሩ።

«ምንም! ገና አልመታሁትም!» እጇን ከሣጥኑ አነሳች፤ እምምም። መልሳ አሳረፈችው፤ ጸጥ። አነሳች፤ እምምም። «ኧረ ጉድ! ኧረ ኑ እዩልኝ! እጄን ነው የሚፈልገው!»

አባወራው እየሮጠ መጣ። ሹፌሩ «እስቲ ዞር በይ» ብሎ ያንን ሰፊ መዳፉን ሣጥኑ ላይ ለጠፈ። እምምም። ሁለተኛውንም ጨመረ። እምምም።

«ደግሞ ሰው ይመርጣል እንዴ?» አለ ቅር ብሎት።

አባወራው ግን የሚያየው እግራቸውን ነበር። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ፔዳል የምትረግጠው ሁልጊዜ በባዶ እግሯ ነው፤ ጫማ ካደረገች መርፌው አልታዘዝ ይላታል። አሁንም በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆማለች። ሹፌሩ ያደረገው ጫማ ደግሞ ሶሉ ከመኪናው ጎማ የተረፈ ይመስላል።

«ገባኝ!» ብሎ ጭኑን መታ። «ኮምፒውተሩ መሬት የሚገባ ሽቦ የለውም፤ ሽቦው አንቺ ሆነሽ ነው። አንተ ጫማህን አውልቅና ያዝላት፣ እሷ ቁጭ ብላ ትስማ።»

ሹፌሩ ጫማውን አየ። ጫማው ውስጥ ያለውን ካልሲ አሰበ።

«እሷው ትያዘው» አለ። «እናት አይደለች?»

ልትስቅበት አፏን ስትከፍት ሙዚቃው ቆመ። ዘላ እጇን ሣጥኑ ላይ ጫነች።

«ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን…»

«እሷ ናት! የእኛዋ ናት!» ሹፌሩ ጮኸ። ባልና ሚስት እኩል «ዝም በል!» አሉት።

ድምፁ ኩልል ብሎ መጣ። ስለ አንድ ድልድይ አነበበች፤ ስለ ዝናብ አነበበች። እናትየው ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅሳለች፤ እያንዳንዱን ቃል እጁን ይዛ መንገድ የምታሻግረው ይመስል። አባወራው ፈገግታው ጆሮው ደርሷል። ሦስተኛው ዜና ተጀመረ። መሃል ላይ ድምፁ ጠፋ።

«ተቆረጠ!» ሹፌሩ ወደ ገመዱ ተወረወረ። «ይሄኔ ነው መነቅነቅ!»

«እጅህን ሰብስብ!» አለች። «ማንም ምንም እንዳይነካ። አልተቆረጠም።»

ክፍሉ ረጭ አለ። እዚያ ዝምታ ውስጥ አንዲት ቀጭን ነገር ተሰማች፤ አየር ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲሳብ። ንቦቹ ቢኖሩ ይህችን ማን ይሰማት ነበር? የልጇ ትንፋሽ ናት። አልተጣደፈችም። እንደ ድሮው ቃሉን በግድ ገፍታ ለማስወጣት አልታገለችም። አገር ሁሉ እየጠበቃት፣ ጊዜው የራሷ እንደሆነ ሁሉ፣ ተረጋግታ አየር ትስባለች።

ሦስቱም ሳይታወቃቸው አብረዋት ሳቡ። ደረታቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ስፒከሩ ላይ ተተክሎ ቆሙ።

ቃሉ ሙሉውን ወጣ። ከኋላው ያሉትም ተከታትለው ወጡ፤ ሦስቱም በአንድ ላይ ተነፈሱ።